ለአያታችሁ እንደ ሕፃን ታወራላችሁ?

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አያት «ገላዬን አልታጠብም» ብለው እጅ ሲገፉ ሰው ቶሎ የሚለው «ጃጅተዋል እኮ» ነው። ታዲያ ጥፋቱ የበሽታው ብቻ ነው እንዴ? በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ተመራማሪዋ ክሪስቲን ዊልያምስና ባልደረቦቻቸው ይህን ጥያቄ በቪዲዮ ፈትሸዋል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 20 ሰዎችን ተከታትሏል። ሠራተኞች ድምፃቸውን አቅጥነው፣ «እሺ የኔ ማር፣ አሁን እንታጠብ» በሚል ዓይነት አነጋገር ሲያባብሏቸው፣ እምቢ የማለታቸው ዕድል 55 በመቶ ነበር። እንደ አዋቂ ሲያናግሯቸው 26 በመቶ ሆነ። ዝም ብለው ሲሠሩስ? 36 በመቶ። ልብ በሉ፣ ዝምታም ከደህና ንግግር ይብሳል።

እስኪ እንጠራጠር። 20 ሰው ጥቂት ነው። ደግሞስ ሠራተኛዋ ያባበለችው ሰውዬው አስቀድመው ስለተቆጡ ቢሆንስ? ተመራማሪዎቹ ለዚህ ጥሩ መልስ አላቸው። ለሠራተኞች ሦስት የአንድ ሰዓት ትምህርት አዘጋጅተው በ13 መጦሪያዎች ሞከሩት፤ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። የማባበል አነጋገሩ ከ35 በመቶ ገደማ ተነሥቶ በ14 ነጥብ ገደማ ሲወርድ፣ እምቢታውም ከ36 በመቶ ገደማ ተነሥቶ በ15 ነጥብ ገደማ ወረደ። አነጋገር ሲቀየር ሰውዬውም ረጋ አሉ ማለት ነው።

ዋናው ድክመት ሌላ ቦታ ነው፤ መለኪያው የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። ከንቀት ምልክቶች አንዱ፣ የማያውቁትን አረጋዊ በቤተሰብ ስም መጥራት ነው። ይህን ይዛችሁ ደቡብ ወሎ፣ ከላላ ብትሄዱ፣ አሮጊቷን «እማማ» ያለችው ጎረቤት ጥፋተኛ ልትባል ነው። ለእኛ ግን «እማማ» አክብሮት ነው! በአንጻሩ ዕድሜ ልካቸውን «አንቱ» ሲባሉ የኖሩትን ሰው ሲታመሙ «አንተ» ማለት ትልቅ ንቀት ነው። መለኪያው ይህን አያየውም፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸውና። አጠገባቸው ተቀምጦ «እሳቸው በልተዋል?» ብሎ ልጃቸውን መጠየቅስ?

ስለዚህ ጥናቱን መተርጎም ብቻ አይበቃም። የአማርኛ መለኪያ ከራሳችን አነጋገር መሠራት አለበት። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት አሉ፤ እንደ ከላላ ባሉ አካባቢዎች ግን አረጋውያንን የሚጦረው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። ያ ማለት እናንተ ናችሁ።

መለኪያው እስኪሠራ ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ በአጭሩ፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። መልሱን ጠብቁ። ስማችሁን ቢረሱም «አንቱ»ን አትንፈጓቸው።