ቋንቋውን ብቻ

የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ከማስተማሩ ጎን ደግሞ የኮሚቴ ሰው ሆኗል። (በእኛ አገር ጎበዝ መምህር የሚቀጣው በኮሚቴ ነው።) ባለፈው ወር ደወለና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። የተማሪዎች ክበባትና ማኅበራት መመዝገቢያና መተዳደሪያ መመሪያ አርቅቀዋል። አሥራ ሰባት ገጽ ነው። ሴኔት ፊት ከመቅረቡ በፊት አንድ የቋንቋ ሰው ይየው ተብሏል። «ይዘቱ አልቋል፤ በእሱ አይድከሙ። ቋንቋውን ብቻ ይዩልን።»

ቋንቋውን ብቻ! ሥነ ጽሑፍ ላስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜአለሁ። ቋንቋው ከይዘቱ ተነጥሎ፣ እንደ ካፖርት ወልቆ የሚታይ ጽሑፍ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቢሆንም ልጁን እወደዋለሁና እሺ አልኩ። እርሳሴን ቀርጬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት፣ ድሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን በአጭር ልቦለድ ላይ አሠራቸው የነበረውን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን አለ? ማን፣ ምን፣ በማን ላይ አደረገ? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። አማርኛ ግሡን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እስከ መጨረሻው የታገሠ አንባቢ አድራጊውን ግሡ ውስጥ ያገኘዋል። በዚህ ረቂቅ ውስጥ ግን መጨረሻ ላይ ስደርስ ሰውዬው የለም። «ይታገዳል»፣ «ይሰረዛል»፣ «እንዲፈርስ ይደረጋል»፣ «ሊፈቀድ ይችላል»። አንዱን አንቀጽ እንዳለ ልጥቀሰው፤ «ክበቡ ከተቋቋመበት ዓላማ ውጭ ሲንቀሳቀስ ከተገኘ አግባብ ባለው አካል እንዲታገድ ይደረጋል።» ማን አገኘው? ማን አገደው? የታገደውስ አቤት የሚለው ለማን ነው? ወንጀለኛው ያልታወቀ የወንጀል ልቦለድ አንብቤ አውቃለሁ፤ ዳኛው ያልታወቀ ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«አግባብ ያለው አካል» የሚለውን ቆጠርኩት። ሃያ ሦስት ቦታ አለ። የአጎቱ ልጅ «የሚመለከተው ክፍል» ዘጠኝ ቦታ ብቅ ይላል። «እንደ አስፈላጊነቱ»ን መቁጠሩን ተውኩት።

ይህ የአጻጻፍ ድክመት ነው ብዬ ለማለፍ ተቃርቤ ነበር። ሁላችንም የቢሮ አማርኛ እንጽፋለን፤ ደብዳቤ ላይ «ይታወቃል» ብሎ የማይጀምር የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንዴ? ነገር ግን ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ ተማሪዎች ግዴታ የሚያወሩት አንቀጾች ላይ ቋንቋው በድንገት ነፍስ ይዘራል። አድራጊው ይታወቃል፤ ቀኑም ቁጥሩም ይታወቃል። መሥራቾቹ 25 ፊርማ ያቀርባሉ። የዓመት ዕቅዳቸውን እስከ ጥቅምት 30 ያስገባሉ። ማንኛውንም ዝግጅት ከ7 የሥራ ቀናት በፊት ያሳውቃሉ፤ መድረክ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ካለ አብረው ያያይዛሉ። በተፈጠረው ችግር ሁሉ ሊቀ መንበሩ ይጠየቃል። ቢሮው ማመልከቻውን ተቀብሎ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚመልስ ስፈልግ ያገኘሁት ግን ይህን ነው፤ «በተቻለ ፍጥነት ምላሽ ይሰጣል።»

እንግዲህ ረቂቁን የጻፉት ሰዎች ጥርት ያለ አማርኛ ያውቃሉ ማለት ነው። የሚጽፉት ለማን እንደሆነ ግን መርጠዋል።

የሰፈራችንን የእድር ደንብ ከመሳቢያ አውጥቼ ጎኑ አስቀመጥኩት። ያረቀቁት ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሴኔት አላዩም። «ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል 50 ብር ይቀጣል። ቅጣቱን ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይቀበላል። ቅር ያለው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ለእድሩ ዳኛ ያመለክታል፤ ዳኛው እዚያው ስብሰባ ላይ ይመልሳል።» ማን፣ ስንት፣ ለማን፣ መቼ። አራት ነገር፣ ሦስት መስመር። ዳኛው ራሱ ቢቀር እጥፍ ይከፍላል የሚልም አለበት። ከዚህ እድር ቤት የወጣ ልጅ ነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «አግባብ ያለው አካል» የሚባል ፊት የሌለው ፍጡር የሚገጥመው።

ከዚያ ደግሞ ርእሱ ላይ ያለው ቃል አለ። መመዝገብ። መዝገብ የሆነን ነገር ይጽፋል። ቀበሌ ሄዳችሁ ልጅ ስታስመዘግቡ፣ የመዝገብ ሹሙ ስሙን፣ ቀኑን፣ የእናት የአባቱን ስም ጠይቆ ይጽፋል እንጂ «ይህ ልጅ ባይወለድ ይሻላል» አይልም። በረቂቁ ውስጥ ግን «ይመዘገባል» የሚለው ቃል በውስጡ «ይፈቀዳል»ን አርግዞ ነው የሚሄደው። ያልተመዘገበ ክበብ መሰብሰብ አይችልም፤ ለመመዝገብ ደግሞ የሦስት ቢሮ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው የጥበቃና ደኅንነት ክፍል ነው። የቼዝ ክበብ! ንጉሡን በወታደር የሚያስከብብ ጨዋታ ስለሆነ ይሆን?

ለነገሩ የቃሉ እርግዝና የቆየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 404 ላይ ማኅበርን ሲተረጉም ከትርፍ ውጭ ለሆነ ግብ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚፈጥሩት ኅብረት ነው ይላል። ሁለት ሰው ይበቃል። (የእኛ ረቂቅ 25 ይላል።) እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ግን ማኅበርተኛውን ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር ላከው፤ ፖሊስን የሚያዘውም ያው መሥሪያ ቤት ነበር። መዝገብና ጥበቃ ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ማደር ለመዱ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 ማንም ሰው ለማንኛውም ዓላማ መደራጀት እንደሚችል ሲደነገግም ልማዱ አልለቀቀም። ስለ ሲቪል ማኅበራት የወጣው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ስንቱን እንዳቀጨጨ የሚታወስ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ሻል ብሎ መጣና ምዝገባ የተከለከለ ድርጅት ለቦርድ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት የሚልበትን በር ከፈተ። በሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ይግባኝ አለው፤ ስድስት ወንበርና አንድ የቼዝ ሰሌዳ ያለው ክበብ ግን የለውም።

አስተዳዳሪዎቹ ለምን ይፈራሉ ማለት ተገቢ ነው፤ የሚፈሩት በባዶ ሜዳ አይደለም። የዚህ አገር የተማሪ ማኅበር ታሪክ ደም አለበት። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ማኅበሩ የስፖርትና የሻይ ግብዣ ነገር ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. የኮሌጅ ቀን ላይ «ደሀው ይናገራል»ን አነበበ፤ ቤተ መንግሥቱም ግጥም ጆሮ እንዳለው ሁሉ አፍም እንዳለው አወቀ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ተብሎ አደባባይ ተወጣ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ አንድነት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው ያለቅሱ በነበሩት ላይ ተተኮሰ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ ማኅበራችን ይመለስልን ብለው ተነሡ። ጥያቄው ሲታይ የደንብ ጥያቄ ነበር፤ መመሪያ ሊመልሰው የሚችል። የተመለሰው ግን በጥይት ነው፤ ግቢውን ተሻግሮ ከተማውን አዳረሰ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ።

በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከተማሪ በብሔር ተለያይቶ ሲጋጭ፣ ልጆች ማደሪያቸው ውስጥ ሲሞቱ ያየ የተማሪዎች ዲን፣ «በብሔር፣ በሃይማኖትና በፓርቲ የተደራጀ ክበብ አይመዘገብም» ብሎ ቢጽፍ አልስቅበትም። እኔም በእሱ ወንበር ብቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን እስቲ እናስብ። የዚያ ዓመት ቡድኖች የትኛው መዝገብ ላይ ነበሩ? ሊቀ መንበር፣ ቃለ ጉባኤ፣ ገንዘብ ያዥ ነበራቸው? በማደሪያው ኮሪደር በሹክሹክታ የሚሰባሰብ 25 ፊርማ አያቀርብም። መመሪያው የሚያጣራው ፎርም ሊሞላ የመጣውን ነው፤ የድራማውን፣ የአካባቢ ጥበቃውን፣ የግጥሙን ልጅ። እነዚህን ደግሞ ከየብሔሩ ሰብስቦ አንድ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ከክበብ ሌላ ግቢው ውስጥ የለም።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ረቂቁ ውስጥ የወደድኩት ምዕራፍ አለ። የገንዘቡ ነው። የክበቡ ገንዘብ በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ ጥምር ፊርማ ይወጣል፤ ያለ ደረሰኝ መዋጮ አይሰበሰብም፤ ኦዲተሩን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የሥራ አስፈጻሚ አባል ኦዲተር አይሆንም። የምልዓተ ጉባኤው ቁጥርም በግልጽ ተቀምጧል። ይህን ሁለት ዓመት የተለማመደ ልጅ ነገ ቀበሌም፣ ኩባንያም፣ ፓርቲም ቢገባ የሰው ገንዘብ ሲይዝ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ጸሐፊው የእድር ልጅ መሆን አለበት ብዬ ዳር ላይ «ግሩም» ጻፍኩ።

የሚያስቀኝ ሌላ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ሲወጣ፣ ምሁራኖቻችን ዩኒቨርሲቲ ራሱን ካላስተዳደረ ዩኒቨርሲቲ አይባልም ሲሉ ሰምቼ አጨብጭቤአለሁ። የዚያኑ ክርክር አንድ ተማሪ ክበብን በሚመለከት ቢያቀርብላቸው ግን፣ «አማካሪ መምህርህ ፈርሟል ወይ?» ነው የሚሉት።

አማካሪ መምህር። እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ።

ረቂቁ፣ «ማንኛውም ክበብ አንድ አማካሪ መምህር ይኖረዋል፤ የአማካሪው ፊርማ የሌለው ማመልከቻ ተቀባይነት አይኖረውም» ይላል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ እኔ በማስተምርበት ግቢም ነበር። 1994 ዓ.ም. ነው፤ የሚያዝያው ነገር ገና ዓመት ያስቆጠረ ጊዜ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ዝምተኛ ናት፤ ፈተና ላይ ግን ከጠየቅኋት በላይ የምትጽፍ። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ሊያቋቁሙ ነው፤ አሥራ ስምንት ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ማታ እየተነባበቡ ይተራረማሉ። ፎርሙን አመጣችልኝ። «መምህር፣ እርስዎ ቢፈርሙልን ብለን ነው።»

እምቢ አላልኳትም። እምቢ ብል ኖሮ ወደ ሌላ መምህር ትሄድ ነበር። «ተይውና ልየው» አልኳት። መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። በሁለተኛው ሳምንት መጣች፤ «እያየሁት ነው» አልኳት። በወሩ መጣች፤ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ላማክር አልኳት፤ ኃላፊውን አላማከርኩም። አንዱ ልጅ አንድ ግጥም ቢያነብና ነገ ስሜ ቢጠራስ? ሚስት አለኝ፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ገና መጨረሴ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ነግሬያት ቢሆን ቢያንስ ፈሪ መሆኔን ታውቅ ነበር። እሷ ያወቀችው «እየታየ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ መምጣቷን አቆመች። በሚቀጥለው ዓመት ተመረቁ። ከግቢው ስለቅ መሳቢያዬን ሳጸዳ ፎርሙን አገኘሁት፤ አሥራ ስምንት ስም፣ በአሥራ ስምንት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ። የእሷ አንደኛ ነው።

የትኛውም ባለሥልጣን አላዘዘኝም። የጥበቃ ክፍልም አልጠራኝም። ያኔ ደንቡ ውስጥ «አማካሪው በ10 ቀን ውስጥ ፈርሞ ወይም ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ጀግና ልሆን አልችልም፤ ግን አንድ ነገር ጽፌ መመለስ ነበረብኝ። ሃያ ሦስት ቦታ የቆጠርኩት «አግባብ ያለው አካል» እኔም ነበርኩ።

ስለዚህ ረቂቁን ስመልስ ቋንቋውን ብቻ አረምኩ። «አግባብ ያለው አካል» ባለበት ሁሉ የቢሮ ስም እንዲገባ ባዶ መስመር ተውኩ። «በተቻለ ፍጥነት» የሚለውን ሰርዤ «በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ፤ መልስ ካልተሰጠ እንደተመዘገበ ይቆጠራል» አልኩ። «እንዲታገድ ይደረጋል» የሚለውን «ዲኑ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ያግደዋል፤ ክበቡ በ10 ቀን ውስጥ ለሴኔቱ አቤት ይላል» አደረግሁት። መድረክ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ አስቀድሞ ማያያዝ የሚለውን አወጣሁት፤ ዳር ላይ «ድግግሞሽ» ብዬ ጻፍኩ። ድግግሞሽነቱ ከታሪክ ጋር ነው፤ ያን ግን አላብራራሁም። ኮማና አራት ነጥብም እግረ መንገዴን አስተካከልኩ፤ ብዙ ነበር።

ልጁ በሳምንቱ ደወለ። ድምፁ ውስጥ ያ የድሮው፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ድምፅ አለ።

«ጋሼ፣ በጣም እናመሰግናለን። ኮሚቴው አይቶታል።»

«እሺ፤ ምን አሉ?»

«ኮማዎቹንና አራት ነጥቦቹን በሙሉ ተቀብለዋል።»

«ሌላውስ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ሌላው... እየታየ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።