ከአውስትራሊያ የመጣ ውርስ፦ ስለ ዴቪድ ሎጅ «ናይስ ወርክ»

ዕውቀት ወደ ሸቀጥነት ሲለወጥ የአስተማሪው ዕጣ ምን ይሆናል? እንግሊዛዊው ደራሲ ዴቪድ ሎጅ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ናይስ ወርክ» በተሰኘው ልብ ወለድ ይህንኑ ጥያቄ በሳቅ ሸፍኖ ያቀርበዋል። ሎጅ ከ1960 እስከ 1987 በበርሚንግሃም ዩኒቨርስቲ ያስተማረ በመሆኑ፣ የሚስቅበትን ቤት ጓዳውን ሳይቀር ያውቀዋል።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሮቢን ፔንሮዝ የሦስት ዓመት ውል የፈረመች የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናት። የታቸር መንግሥት የዩኒቨርስቲዎችን በጀት በመቁረጡ፣ ምንም ያህል ብትደክም ቋሚ የሥራ መደብ አይጠብቃትም። በየሳምንቱ ረቡዕ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁን ቪክ ዊልኮክስን እንደ ጥላ እንድትከተል ትመደባለች። የልብ ወለዱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ወዝ አደሩን በመጻሕፍት ብቻ የምታውቀው ምሁር የብረት ማቅለጫውን ጭስና ጩኸት ስታይ ትደነግጣለች፤ ዊልኮክስም በበኩሉ ትምህርቱን ሁሉ በትርፍና ኪሳራ ሚዛን ይመዝናል። ደራሲው ለአንዳቸውም አያደላም። ሁለቱም ተቀጣሪዎች መሆናቸውን ግን ቀስ በቀስ ያሳያል፤ ፋብሪካው ሲሸጥ ሥራ አስኪያጁም በአንድ ቀን ይባረራል።

ድክመቱ ፍጻሜው ላይ ነው። ሮቢን ገና በመጀመሪያው ላይ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ ልብ ወለድ ጸሐፍት ለመደብ ግጭት ያገኙት መፍትሔ ውርስ፣ ጋብቻ፣ ስደት ወይም ሞት ብቻ እንደ ነበር ለተማሪዎቿ ታስተምራለች። ሎጅም በገዛ እጁ በአውስትራሊያ ከሞተ አጎቷ ውርስ ያመጣላታል፤ ገንዘቡም ለዊልኮክስ አዲስ ድርጅት መነሻ ይሆናል። ቀልዱ ሆን ተብሎ የተሠራ፣ ኤልሳቤጥ ጋስኬልንም የሚያስታውስ ነው። ቢሆንም ደራሲው መሸሹን ዐውቆ መሸሹ ከሽሽት አያወጣውም። አጎት የሌለው መምህርስ?

መጽሐፉ በታተመበት ዓመት የወጣው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ ከኖቬምበር 20 ቀን 1987 ወዲህ ለተቀጠሩ የዩኒቨርስቲ መምህራን የነበረውን ዘላቂ የሥራ ዋስትና አነሣ። በ1998 በ1,000 ፓውንድ የተጀመረው የተማሪ ክፍያ በ2012 በእንግሊዝ እስከ 9,000 ደረሰ። ተማሪው ደንበኛ ተባለ። በ2018 የበርካታ ዩኒቨርስቲዎች መምህራን በጡረታቸው ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ ከባሕር ማዶ ኑዛዜ የላከላቸው አልነበረም።

ከውርሱ ይልቅ የመጨረሻው ገጽ ይበረታል። አንድ ጥቁር ወጣት አትክልተኛ በግቢው ሣር ላይ ማጨጃውን ይገፋል፤ ተማሪዎቹ ሲደርስባቸው ዕቃቸውን ሰብስበው ይነሣሉ፤ በሌላ የሣር ቦታም ይቀመጣሉ። ሰላምታ የለም፣ ፈገግታም የለም። ሎጅ እዚህ ላይ ማንንም ለማስታረቅ አልቸኮለም።