የጊታር ማጉያ መምሪያ በአማርኛ፤ ስለ ስያሜ አመራረጥ የቀረበ ሂስ

በድሬዳዋ ከተማ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ቤት ውስጥ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የጊታር ማጉያ መምሪያ ለማየት አጋጣሚ አግኝቼ ነበር። የመምሪያው ዓላማ ጊታርና ማጉያ ለልዩ ልዩ የሙዚቃ ዓይነቶች እንዴት እንደሚስተካከሉ ማስረዳት ነው። በሠርግ የሚጫወት አንድ ወጣት ማጉያውን ለጥገና ይዞ መጥቶ ስለ ብሉዝ የተጻፈውን አነበበልኝ፤ «የድምፅ መጨመሪያውን ከፍ፣ የድምፅ መጨመሪያውን ዝቅ ያድርጉ» ይላል። ከዚያም በድሬ ልጅ ወግ፣ «ጋሼ፣ አንተ የቋንቋ ሰው ነህ፤ የቱን ነው የሚለኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ማጉያው ሲፈተሽ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሕመሙ የመምሪያው ነበር።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ ማዜኑ የከተማይቱን ጠባይ ያሳያል። እንዲህ ባለ ከተማ ጊታር ይዞ ሠርግ የሚወጣ ሰው በአንድ ሌሊት ከአንዱ የዘፈን ዓይነት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ማዞሪያዎቹን በስማቸው ለይቶ ካላወቀ መምሪያው አይረዳውም።

የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው ጌይንና ቮሊዩም ለሚባሉት ሁለት ማዞሪያዎች አንድ ስያሜ በመሰጠቱ ነው። ሁለቱም ድምፅ ይጨምራሉ ማለት ከሩቅ ሲታይ ሐሰት አይደለም፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ጌይን ከጊታሩ የመጣው ደካማ ሞገድ በመጀመሪያው የማጉያ ክፍል ምን ያህል እንዲጎላ ይወስናል። ጉላቱ ከክፍሉ አቅም ሲያልፍ የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ድምፁም ይሻክራል። ቮሊዩም በአንጻሩ በመጨረሻ ወደ ሰሚው የሚደርሰውን መጠን ይወስናል። ስለዚህ ያኛውን ከፍ፣ ይህኛውን ዝቅ ማድረግ የብሉዝን ሻካራ ቃና ጎረቤት ሳይረብሹ ለማግኘት የሚያስችል ዘዴ ነው። በትርጉሙ ግን ዘዴው እርስ በርሱ የሚጋጭ ትእዛዝ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው ትሬብልን «ከፍተኛ ድምፅ»፣ ቤዝን «ዝቅተኛ ድምፅ» ማለቱ ነው። በአማርኛ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» የተባለ ሰው ይጮኻል እንጂ ድምፁን አያቀጥንም። «ቀጭን ቃና»፣ «መካከለኛ ቃና»፣ «ወፍራም ቃና» ቢባል ኖሮ፣ ጃዝ ለመጫወት ቀጭኑን መቀነስና በአንገቱ በኩል ያለውን ፒክአፕ መምረጥ እንደሚገባ አንባቢው ያለ አስረጂ በተረዳ ነበር።

ሦስተኛው «ቅንብር» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በስልክና በኮምፒዩተር ለማስተካከያ ገጽ መጠሪያነት ተለምዷል። በሙዚቃ ዘንድ ግን ቅንብር የአቀናባሪ ሥራ ነው፤ «የትዝታ ቅንብር» ያለውን ሰው ስለ ማዞሪያ ይናገራል ብሎ የሚገምት የለም። «ቅኝት»ም አያገለግልም፤ የክር መቃኛና የነትዝታ፣ የነባቲ፣ የነአምባሰልና የነአንቺ ሆዬ መጠሪያ ነውና። በእኔ አስተያየት «ልክ» የሚለው ተራ ቃል ይበቃል፦ የጌይን ልክ፣ የወፍራም ቃና ልክ።

አራተኛውና ከባዱ ዲስቶርሽን «የድምፅ መበላሸት» መባሉ ነው። ወጣቱ ማጉያውን ወደ መጠገኛ ቤት ያመጣው ይህን አንብቦ ነው። ቃሉ ለስልክ መሥመር ይስማማ ይሆናል፤ ሮክ ለሚጫወት ሰው ግን ሻካራነቱ የተፈለገ ውበት ነው። ሐሳቡ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። በገና ደርዳሪ በክሩና ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች የሚያስገባው ድምፁ እንዲነዝር ፈልጎ ነው። የሁለቱ አሠራር ቢለያይም ፍላጎታቸው ይቀራረባል። «ሻካራ ቃና» ነቀፋ የሌለበት ስያሜ ይሆናል።

መምሪያውን ሙሉ በሙሉ መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም። ሪቨርብን «ማስተጋባት» ብሎ፣ «ገደል ማሚቶ»ን ለኤኮ መተዉ የሚመሰገን ነው።

የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ ከዚህ ሁሉ ያድናል የሚሉ አሉ። መምሪያው ትሬሞሎንና ቪብራቶን እንዲሁ ወስዷል። ነገር ግን ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር ጊታር ላይ «ትሬሞሎ» ያለው ዘንግ የሚለውጠው የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ስለሆነ በትክክል ቪብራቶ ነው። በማጉያዎቹ ላይ «ቪብራቶ» ያለው ደግሞ መጠኑን የሚያወዛውዝ ስለሆነ ትሬሞሎ ነው። ቃሉን ሳይመረምር የተዋሰ ስሕተቱንም አብሮ ይዋሳል።

የተርጓሚው ሥራ እንግዲህ ቃልን በቃል መተካት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ገጽታ ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ማዞሪያዎች ሁሉ አንድ ላይ አይቶ ለእያንዳንዱ የማይጋጭ ስም መስጠት ነው። አማርኛ ባለው በአማርኛ፣ በሌለው በውሰት። ጌይን ስሙን ይዞ ቢቆይ ቋንቋችን አይጎዳም። ለወጣቱም «ጌይኑን ከፍ፣ የድምፅ መጠኑን ዝቅ አድርግ» ብዬ በመምሪያው ኅዳግ ላይ ጻፍኩለት። ሞክሮ ሳቀ፤ ማጉያውንም ተሸክሞ ወጣ።