«ሾተላይ» ስለሚባለው ቃል አተረጓጎም

ከደጀን አለፍ ብላ ባለችው የጥኖራ፣ እንዲሁም በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ልጅ እየተደጋገመ የሚሞትባት ሴት ሾተላይ አለባት ትባላለች። ሾተላይ በአገሬው እምነት ፅንሱን በማኅፀን፣ ወይም ሕፃኑን በተወለደ በጥቂት ቀን የሚቀጥፍ መንፈስ ነው። ዛሬ ስለ ጤና የሚጽፉና የሚያስተምሩ ሰዎች ግን ቃሉን ወስደው የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም፣ ማለት የአርኤች ጉዳይ፣ ነው ብለው ተርጉመውታል። እኛ የምንነቅፈው ይህን ትርጉም ነው።

ትርጉሙ ጥቅም የለውም አንልም። እናቶች ደማቸውን እንዲመረመሩና መርፌውን በጊዜው እንዲወጉ ይረዳል። ነገር ግን መንደሩ በአንድ ስም የሚጠራው ብዙ በሽታ ነው፤ ቂጥኝም፣ ከከብት የሚመጣው ብሩሴላም፣ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያም በዚሁ ስም ሥር ሊገቡ ይችላሉ። ደሟ ፖዘቲቭ የሆነች እናት «ሾተላይ የለብሽም» ተብላ ብትመለስ፣ ታዲያ ልጇ በምን ሞተ?

ሊስቴሪያን ለይተን የምናነሣው መንገዱ ስውር ስለሆነ ነው። የሚገባው በምግብ፣ በተለይም ባልፈላ ወተትና በጥሬ ሥጋ ነው። እናቲቱን ትንሽ ያተኩሳታል፣ ወገቧን ይቆረጥማታል፤ ጎረቤትም ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ያጠጣታል። ፅንሱ ግን ያን ጊዜ በእንግዴ ልጁ በኩል ተይዞ ሊሆን ይችላል። ይጨነግፋል፣ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ተወልዶ በደም መመረዝ ወይም በማጅራት ገትር ይታመማል። በጊዜ ቢታወቅ በአምፒሲሊን የሚታከም ነበር። ሆኖም ከተበላበት ቀን እስከ 70 ቀን ሊቆይ ስለሚችል «ትናንት ምን በላሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የደም አለመጣጣም ብዙ ጊዜ የበኩር ልጅን ይምራል፤ ሊስቴሪያ በኩር ነው ብሎ አይተውም።

ይህ የሩቅ አገር በሽታ ነው የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ባክቴሪያውን በአዲስ አበባ ከሚሸጥ ምግብ ውስጥ አግኝቶታል። ሞገሴ አሸናፊም እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ሊስቴሪያ ወተት እርጎ ሲሆን እንዴት እንደሚሆን መርምረዋል። መኮምጠጥ ያዳክመዋል እንጂ ወዲያው አይጨርሰውም፤ የሚጨርሰው እሳት ነው። (ማቀዝቀዣ ያለው የከተማ ሰውም አይመካ፤ በብርድ ይራባል።) ጾመኛም ቢሆን አያመልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ ከታወቁት 41 በሽተኞች 34ቱ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የተያዙ ነበሩ፤ መነሻውም በበግ ፍግ የበቀለ ጥቅል ጎመን ነበር።

ሊስቴሪያም ብሩሴላም ላምንና በግን ያስጨነግፋሉ። ባላገሩ የትኛዋ ላሙ በየትኛው ወር እንዳጨነገፈች አይረሳም፤ ቢጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ነፍሰ ጡሯ ቤት ስትገባ ከደሟ ዐይነት ጋር ሁለት ነገር እንድትጠይቅልን እንሻለን፦ በዚህ ግቢ ዘንድሮ ያጨነገፈች ላም አለችን? ወተቷንስ ሳታፈሉ ትጠጣላችሁን?