የደካማው ገጸ ባሕርይ ዋጋ

ሁሉ ነገር በቁጥር በሚለካበት ጨዋታ ውስጥ ሆን ብሎ ደካማውን መምረጥ ሞኝነት ነውን? ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ለዓመታት ተከራክረዋል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ይህ ጨዋታ በ1974 በአሜሪካ ታተመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በአንደበቱ ይናገራል፤ አጫዋቹ ዓለሙን ይተርካል፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይወሰናል። አሸናፊ ስለሌለው ከገበጣ ይልቅ ለተረት ይቀርባል።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ጥያቄው እምብዛም ቦታ አልነበረውም። ጉልበትም አእምሮም በ3 ዳይስ ድምር ይወጡ ነበርና፣ ደካማ የደረሰው ሰው ደካማውን ይዞ ይጫወታል። ኋላ ግን ነጥብ እያከፋፈሉ ገጸ ባሕርይን መሥራት ተፈቀደ። ምርጫ ሲመጣ ተጠያቂነትም አብሮ መጣ።

የ2014ን እትም እንውሰድ። ሃፍ ኦርክ፣ ማለትም ከሰውና ኦርክ ከሚባል ጡንቸኛ ፍጡር የተወለደው፣ በጉልበት 2፣ በሰውነት ጽናት 1 ጭማሪ ያገኛል፤ በአእምሮ ምንም። የአስማተኛ ኃይል ደግሞ በአእምሮ ላይ የቆመ ነው። ነጥብ በማከፋፈል የሚደረስበት ከፍተኛው ቁጥር 15 ስለሆነ፣ ሃፍ ኦርኩ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ኖም የተባለው ድንክ ፍጡር 17 ይደርሳል። በዳይሱ ላይ ሲታይ ልዩነቱ 1 ብቻ ነው፤ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ 1 ማለት ከመቶ 5 ነው። ጣሪያው 20 ስለሆነም ክፍተቱ በ12ኛው ደረጃ ሊዘጋ ይችላል። ዕድሜዬን ለሕሙማን አደጋን በመቶኛ ሳስረዳ ኖሬአለሁና ከመቶ 5ን አልንቅም፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚያስነሣውን አቧራ ያህል አይከብድም። በዚህ ዋጋ የሚገዛውን እንይ፤ ክንዱ ለመጥረቢያ የተሠራ፣ እጁ ግን መጽሐፍ የያዘ ሰው! የከተማው ዘበኛ በር ላይ አቁሞ ትጥቅህን ፍታ ይለዋል፤ መምህሩም ሲያየው ጥበቃ የተቀጠረ ይመስለዋል። ንቁ አጫዋች ከዚህ ብቻ የብዙ ምሽት ታሪክ ያወጣል።

ይሁንና ደካማ ምርጫ ሁሉ እንዲህ አይደለም። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ላይ «ጠንካራነት» ሊባል የሚችል ልዩ ችሎታ ነበር፤ የሚሰጠው 3 የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ሞንቴ ኩክ፣ ደንቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተጫዋች እንዲጠቀም አንዳንድ ምርጫዎች ሆን ተብሎ ከሌሎቹ የተሻሉ ተደርገው እንደተሠሩ ኋላ ጽፏል። ስሙን አምኖ የመረጠ ጀማሪ ታሪክ አላገኘም፤ ተታለለ እንጂ። የድክመት ጠበቆች ይህን ከአስማተኛው ሃፍ ኦርክ ጋር ሲያደባልቁት ክርክራቸውን ያበላሻሉ።

ባልደረቦችም አሉ። መፈወስ የሚችል ካህን ፈጥሮ፣ ጓዱ ደም ሲፈሰው «ባሕርዬ ነው» ብሎ እጁን የሚያጣጥፍ ተጫዋች ዋጋውን በሌሎች ያስከፍላል። በሙያዬ ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ መውሰድ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ድክመትን በነጥብ የሚገዙ ጨዋታዎችም አሉ። በ1986 የወጣው ገርፕስ ላንድ ዓይና ሰው 15 ነጥብ ይክሳል፤ ሰዉም የማይጎዳውን ድክመት ፈልጎ መነገድ ይጀምራል። በ2003 የታተመው ፌት የተሻለ ዘዴ አለው፤ የሚከፍለው ድክመቱ በእርግጥ ሲያሰናክል ነው።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ2020 ጭማሪዎቹን ማዘዋወር ፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ ከዘር ነቅሎ ከአስተዳደግ ጋር አያያዛቸው። አእምሮ በትውልድ አይወሰንም የሚለውን ምክንያት በባዕድ አገር ነጭ ካፖርት ለብሶ ጽዳት ሠራተኛ የተባለ ጥቁር ሐኪም አይቃወመውም። ሃፍ ኦርኩ በቁጥር የሚከፍለው ዋጋ ቀርቷል፤ የዘበኛው ጥያቄ ግን ይቀጥላል። ዋጋ መክፈል የሚሻም መንገድ አላጣም። አስማተኛውን በሰውነት ጽናት 8 አድርጎ የተረፈውን ነጥብ ለግርማ ሞገስ ይስጥ፤ በየደረጃው ከሕይወት ነጥቡ 1 ይቀነሳል፤ ጓደኞቹም ከፊት ቆመው ሊሸፍኑት ይገደዳሉ። ዳይሱ ሳይወረወር ይንገራቸው እንጂ።