ማሰሪያ አንቀጽ የሌላት መርከብ

የእንጨት የጦር መርከብ ሞዴል ፊት የቆመ ተመልካች ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀፎዋ ላይ ነው፤ በመድፎቹ ረድፍ፣ በኋላዋ መስኮቶች፣ ወርቅ በተቀቡት ቅርጻ ቅርጾች። ሠሪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ትዕግሥቱን ሁሉ በቀፎዋ ላይ ያፈስና ወደ ላይ፣ ወደ ምሰሶዎቹና ወደ ገመዶቹ ሲደርስ ይቸኩላል። እኔ ግን የእንዲህ ያለ ሥራ ሂስ ከላይ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። መርከቢቱ እየተጓዘች ይሁን ወይስ ወደብ ላይ አርፋ፣ ቀፎዋ አይናገርም።

የሚናገሩት ሸራ የሚሸከሙት እንጨቶች ናቸው። ደቀል የሚለውን ቃል፣ የመርከብ ምሰሶ ማለት ነው፣ ከመጻሕፍት እናውቀዋለን። በደቀሉ ላይ ተጋድሞ ሸራ የሚንጠለጠልበትን ረጅም እንጨት ግን በዚህ ጽሑፍ «አግዳሚ» እለዋለሁ፤ የእግር ኳስ ወዳጅ ከግቡ አናት ላይ የሚያውቀው ዓይነት ነውና። በትልቅ የጦር መርከብ ላይ በአንድ ደቀል ሦስት ወይም አራት አግዳሚ፣ አንዱ ካንዱ በላይ፣ ይደረደራል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የታችኛው አግዳሚ አንድ ጊዜ ከተሰቀለ በአብዛኛው ከፍታውን አይለውጥም። ከእሱ በላይ ያሉት ግን በደቀሉ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መርከበኞቹ የተጠቀለለውን ሸራ ይፈቱታል፤ የታች ማዕዘኖቹ ወደ ታችኛው አግዳሚ ጫፎች ይሳባሉ፤ ቀጥሎ የላይኛው አግዳሚ በመዘውርና በብዙ ክንድ ጉልበት ወደ ላይ ይጎተታል። ሸራው ተወጥሮ ነፋስ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። ሸራው ሲጠቀለል አግዳሚው ተመልሶ ይወርዳል። ሸራው ጨርሶ ከላዩ ከተነሣም ቦታው ታች ነው። ባዶውን ከፍ ብሎ ቢቆም ክብደትን ወደ አናት ከማውጣት በቀር ትርፍ የለውም።

እንግዲህ ከምናያቸው ሞዴሎች ስንቶቹ ናቸው አንዲት ሸራ ሳይኖራቸው አግዳሚዎቻቸውን ሁሉ እስከ ላይ ሰቅለው የቆሙት? በሣጥን ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ብዙዎቹ፣ በመስታወት ውስጥ በክብር ከተቀመጡትም ጥቂት የማይባሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አግዳሚዎቹ እኩል ተራርቀው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እያጠሩ፣ እንደ መሰላል ሲታዩ ለዓይን ያምራሉ። ሲወርዱ ግን ሁለቱ ይጠጋጋሉ፤ ከበላያቸው ራቁቱን የቀረ የደቀል ዘንግ ይታያል፤ መርከቢቱ ያጠረች ትመስላለች። የወራት ድካሙን ማን እንዲህ አሳጥሮ ማሳየት ይወዳል?

ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። ሞዴሉን እንደ ዓረፍተ ነገር ብናነበው ባለቤቱ አለ፣ ተሳቢው አለ፣ ቅጽሉማ ሞልቶ ፈስሷል፤ ማሰሪያ አንቀጹ ግን የለም። ከፍ ያለው አግዳሚ «እየተጓዝን ነው» ይላል፤ የሸራው አለመኖር «አርፈናል» ይላል። ይባስ ብሎ ገመዶቹ ይመሰክሩበታል። ከደቀሉ ወርደው የአግዳሚውን ሁለት ጫፍ የሚይዙ ገመዶች አሉ፤ አግዳሚው ሲወርድ ክብደቱ በእነሱ ላይ ስለሚያርፍ ይወጠራሉ፤ ሲወጣ ይላላሉ። በብዙ ሞዴል ላይ ግን አግዳሚው ወጥቶም እንደ ክራር አውታር ተወጥረው እናገኛቸዋለን።

አግዳሚ ንግግር መሆኑን የድሮ መርከበኞች ያውቁ ነበር። እንግዳ ለማክበር በአግዳሚዎቹ ላይ ዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ይቆሙ ነበር። ሐዘን ሲሆን ደግሞ አግዳሚዎቹን አጋድለው ያስሩ ነበር፤ በሩቅ ያየ ሁሉ መርከቧ ሰው እንደ ሞተባት ያነባል። በእንዲህ ያለ ቋንቋ ውስጥ «ለዓይን እንዲያምር» ብሎ አግዳሚን ማንሣት ትርጉሙን ሳያውቁ ቃል መወርወር ነው።

ቪክቶሪን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1765 ውኃ ላይ የወረደችው ይህች የእንግሊዝ መርከብ በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት 104 መድፍ ይዛ የአድሚራል ኔልሰን መርከብ ነበረች፤ ኔልሰንም የሞተው በእሷው ላይ ነው። ሞዴል ሠሪዎች አዘውትረው ከሚሠሯቸው አንዷ ናት። ከዚያ ጦርነት የተረፈ አንድ ሸራዋ፣ የፊተኛው ደቀል ሁለተኛ ሸራ፣ 90 ያህል የጥይት ቀዳዳ እንደ ያዘ ዛሬም አለ። ከላይ እስከ ታች 16 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መርከቢቱ 72 ጊዜ ተቀንሳ ስትሠራ ይህ ሸራ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሸራው ከሌለ ደግሞ አግዳሚው ከዚህ ቁመት ከግማሽ በላይ መውረድ አለበት። ይህን የሚያህል ስሕተት ከሩቅ ይታያል። መረጃ አልነበረም እንዳይባል ዴቪድ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ የገመዶቹን ውፍረት ሳይቀር በሠንጠረዥ አስቀምጦታል፤ ሎንግሪጅ በ1955፣ ጄምስ ሊስ በ1979 ለሞዴል ሠሪ በሚስማማ መንገድ አብራርተውታል።

ሸራውን መተው ራሱ ጥፋት ነው አልልም። እንዲያውም ሸራ የሌለውን እመርጣለሁ። ምንም ያህል ስስ ቢሆን 72 ጊዜ የሚቀጥን ጨርቅ አይገኝም፤ አብዛኛው የሞዴል ሸራ የአልጋ አንሶላ ይመስላል። ሸራውን የተወ ሠሪ ከአንድ ውሸት ድኗል። አግዳሚውን ማውረድ ነው የቀረው።

ከሁሉ በላይ ዓይኔን የምጥልበት ግን አንድ ተራ ገመድ አለ። ሸራ የሚጠቀልሉት መርከበኞች በሆዳቸው አግዳሚው ላይ ተደግፈው በእግራቸው የሚቆሙት ከሥሩ በረገበ ገመድ ላይ ነበር። የቪክቶሪ ትልቁ አግዳሚ 31 ሜትር ያህል ነበር፤ በሞዴሉ 43 ሴንቲ ሜትር። በዚሁ መጠን መርከበኛው ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ሰውዬ በሐሳቤ ገመዱ ላይ አቆመዋለሁ። እውነተኛው ገመድ በክብደቱ ወደ ታች ይረግባል፤ ክር ግን ቀላል ነው፣ በራሱ ግትርነት ወዲያና ወዲህ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይቀለበሳል። መርከቧን ማሳነስ ይቻላል፤ የገመዱን መርገብ ማሳነስ አይቻልም። ጎበዝ ሠሪ ክሩን በውኃ በቀጠነ ሙጫ ያረጥብና ትንንሽ ክብደት አንጠልጥሎበት እስኪደርቅ ይጠብቃል። ሰው የሚቆምበት ገመድ እንዲመስል የተደረገ ማታለል ነው፤ ግን ሰውየውን አስታውሶ የተደረገ ማታለል ነው። ገመዱ ከአግዳሚው ጋር ተጣብቆ ሲቀር ያ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች እዚህ ላይ ስለ ሰው ጨርሶ አላሰቡም።

በዚህ መለኪያ ስሕተታቸውን ይቅር የምላቸው ሞዴሎች አሉ። በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን በእንግሊዝ፣ በኖርማን ክሮስ እስር ቤት የነበሩ ፈረንሳውያን ምርኮኞች ከራሽናቸው በተረፈ የሥጋ አጥንት መርከብ ይሠሩ ነበር፤ በእስር ቤቱ በር ለገበያ ያወጡት ነበር። የብዙዎቹ ደቀል ከመጠን በላይ ረዝሟል፣ ገመዱ ወፍሯል። ሆኖም ከመሐላቸው መርከበኞች ነበሩ። እጃቸው የሠራው ያለ መለኪያ፣ ያለ ንድፍ ነው፤ ለገዢ እንዲያምር ማጋነናቸውም ለዳቦ ነበር። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መብራት አብርቶ የሚሠራ ሰው በእነሱ ሊያሳብብ አይችልም።

ቪክቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በፖርትስመዝ ደረቅ የመርከብ መጠገኛ ውስጥ ትገኛለች። የቆመችባቸው የታች ደቀሎች እንኳ የትራፋልጋር እንጨት አልነበሩም፤ ሻህ ከምትባል ሌላ መርከብ የመጡ ብረቶች ነበሩ። በ2011 የላይኛ ደቀሎቿና አግዳሚዎቿ ለጥገና ወረዱ፤ በ2021 የታችኛው ዋና ደቀል ተነሣ። የአግዳሚዎቿን አኳኋን ማወቅ የሚሻ ጎብኚ የሚቀረው የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሞዴል ነው። ያ ሞዴል ባዶ አግዳሚዎቹን እስከ ላይ ሰቅሎ ካሳየው፣ ቀና ብሎ ከዋናዋ መርከብ ጋር የሚያስተያይበት ሰማይ ለጊዜው ባዶ ነው።