«ደራሽነት»፣ «መዳረሻ» ወይስ «መግባት»? የእንግዳ መረብ ስያሜዎች ሲመረመሩ

አንድ የሙያ ስያሜ የሚመዘነው በሥርወ ቃሉ ጥንታዊነት ወይም በድምፁ ግርማ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሰማ ሰው ነገሩን አስተካክሎ እንዲሠራበት በመርዳቱም ጭምር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንመረምራቸው ስያሜዎች በዚህ ሚዛን ሲታዩ ይጎድላሉ የሚል አስተያየት አለን። ስያሜዎቹ አንድ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይዞ ለመጣ እንግዳ የሚሰጠውን ውሱን የዋይፋይ አገልግሎት የሚመለከቱ ናቸው።

ጉዳዩ በደሴና በኮምቦልቻ በየዕለቱ የሚያጋጥም ነው። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሁለቱም ይገኛሉ፤ በኮምቦልቻ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከደሴ ለማስተማር የወረደ መምህር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ኦዲተር፣ የፋብሪካ መሣሪያ ሊተክል የተላከ ባለሙያ፣ ሁሉም ላፕቶፑን ከፍቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ነው። ተቀባዩ ሠራተኛ ያለችውን አንዲት ቃል ከነገረው፣ እንግዳው የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ፣ ማተሚያና የሒሳብ መዝገብ ወደሚገኙበት መረብ ገባ ማለት ነው። ተገቢው አሠራር ግን ለእንግዳ የተለየ መረብ ማዘጋጀት ነው። ከዚህ መረብ ወደ ኢንተርኔት መውጣት ይቻላል፤ ወደ ውስጠኛው መረብ ማለፍ ግን አይቻልም። የሚተላለፈው መልእክት ይመሰጠራል፤ የይለፍ ቃሉም ቀኑ ሲያበቃ ይሻራል። እንግዲህ ጽንሰ ሐሳቡ አራት ባሕርያት አሉት፤ ይኸውም ሰጪ አለው፣ ተቀባዩ እንግዳ ነው፣ ወሰን አለው፣ የጊዜ ገደብ አለው።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ «ዋይፋይ» የሚለው ስም ገና አልተፈጠረም ነበር። ክፍተቱን ከዚያ ወዲህ የሞሉት የስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ተርጓሚዎች፣ የሕግ አርቃቂዎችና ተናጋሪው ሕዝብ ናቸው። ሦስቱም የየራሳቸውን መንገድ ይዘዋል።

1. «ገመድ አልባ አውታረ መረብ»

«ዋይፋይ» እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የንግድ ስም በመሆኑ የሚተረጐም ፍች የለውም፤ እንዳለ መዋሱ ትክክል ነው። እንከኑ ያለው በኮምፒዩተር ገጾች በሚታየው በዚህ ጥምር ቃል ላይ ነው። «አውታር» በግእዝም ሆነ በአማርኛ የተወጠረ ገመድ ነው፤ የድንኳን አውታር፣ የበገና አውታር እንላለን። ስለዚህ ስያሜው ገመድ የሌለው የገመድ መረብ ማለት ይሆናል። የቃል ፍች ሊሰፋ እንደሚችል አንዘነጋም፤ «አውታር» ብቻውን ቢመጣ ባልነቀፍነው ነበር። ነገር ግን «አልባ» የሻረውን ገመድ ተከታዩ ቃል መልሶ ያስገባዋል። መረብም ከክር ይሠራል የሚል ቢኖር፣ በ«መረብ» ፍች ጎልቶ የሚታየው የመያያዙ ሁኔታ እንጂ ክሩ አይደለም ብለን እንመልሳለን። «ገመድ አልባ መረብ» ይበቃል።

2. «መዳረሻ» እና «ደራሽነት»

ዋናው ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ቃላት «ደረሰ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። «መዳረሻ» የኮምፒዩተር ገጾች ምርጫ ነው። በሕዝብ አነጋገር ግን ቃሉ የጉዞ መጨረሻን ወይም የጊዜ መቃረብን ያመለክታል፤ የአውሮፕላን መዳረሻ፣ የፋሲካ መዳረሻ ይባላል። በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ላፕቶፑን የከፈተ መንገደኛ «መዳረሻ ተከልክሏል» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ፣ የታገደው ጉዞው ነው ወይስ መረቡ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

«ደራሽነት» ደግሞ የሕግ ቃል ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ መግባትን «ሕገወጥ ደራሽነት» ብሎ ይቀጣል። «ደረሰ» የሚለው ግሥ ግን ፍቹን የሚያገኘው ከሚከተለው ምዕላድ ነው፤ «ደረሰለት» ረዳው ሲሆን፣ «ደረሰበት» ጉዳት አገኘው ወይም ምስጢሩን ዐወቀበት ይሆናል። «ደራሽነት» ከእነዚህ ምዕላዶች ተራቁቶ የቆመ በመሆኑ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ብቻውን ሲሰማ ወደ አእምሮ የሚመጣው ወይ ደራሽ ጎርፍ ነው፣ ወይም ለተቸገረ የሚደርስ ወገን። በ1965 እና 1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን በመታ ጊዜ «ደራሽ» የሚጠበቅና የሚመሰገን ሰው ስም ነበር። ይህን ቃል የወንጀል መጠሪያ ማድረግ ሕጉን ከሚያስከብረው ሕዝብ ያርቀዋል።

አርቃቂዎቹን በመደገፍ፣ ጽንሰ ሐሳቡ ከመግባት ይሰፋል፤ መገናኘትን፣ ዳታ ማስቀመጥንና ማውጣትንም ይጨምራል ሊባል ይችላል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ሆኖም «ገባ» በአማርኛ በር ማለፍን ብቻ አያመለክትም። ሠራተኛ ሥራ ይገባል፤ ተማሪ ፈተና ይገባል፤ ተናጋሪውም «ኢንተርኔት ገባሁ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ቀሪውን ስፋት የሕጉ የትርጓሜ አንቀጽ ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ ለድርጊቱ «መግባት»፣ ለመብቱ «የመግቢያ ፈቃድ»፣ ለወንጀሉ «ያለ ፈቃድ መግባት» ብንል ሰጪውና ወሰኑ ከስያሜው ይነበባሉ።

3. «የይለፍ ቃል»

ይህ የተሳካ ስያሜ ነው። «ይለፍ» የ«አለፈ» ትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን፣ አሳላፊ መኖሩን በውስጡ ይዟል፤ የይለፍ ወረቀትን ለሚያውቅ አንባቢም እንግዳ አይሆንበትም። በወረቀቱ ላይ ለማን፣ ወዴት፣ እስከ መቼ የሚል ይጻፍ ነበርና፣ «የእንግዳ ይለፍ» ቢባል ወሰንና ጊዜ ያለው መሆኑ ሳይብራራ ይገባል። «የምስጢር ቃል» የሚለው ግን ለዚህ ጉዳይ አይስማማም፤ ለእንግዳ የተነገረ ቃል ምስጢርነቱ ቀንሷል።

4. «ጎብኚ» እና «እንግዳ»

«ጎብኚ» ዛሬ በይበልጥ አገር ለማየት የሚዞር ሰው ነው፤ ኦዲተሩንም ሆነ መምህሩን አይገልጽም። «ባለጉዳይ» ደግሞ አገልግሎት ፈላጊ እንጂ ተስተናጋጅ አይደለም። «እንግዳ» ግን መስተንግዶንና ባይተዋርነትን አንድ ላይ የያዘ ቃል ነው፤ ይከበራል፣ ነገር ግን ጓዳ አይገባም።

ለዚህ አስረጅ የሚሆነን በደሴ የሚገኘው፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ነው። ስሙ እንደሚናገረው አዳራሹ ማንንም የማይንቅ የግብር ቤት ነበር። ይሁን እንጂ በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት አዳራሽና እልፍኝ የተለያዩ ነበሩ፤ በአዳራሹ አጋፋሪ እንግዳውን በየማዕረጉ ያስቀምጣል፤ በእልፍኙ ደጅ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ ይቆማል። እንግዳን በደስታ መቀበልና እልፍኝን መጠበቅ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ተደርገው አልታዩም። የእንግዳ መረብና የውስጥ መረብ ልዩነትም ይኸው ነው። እነዚህን የማዕረግ ስሞች ለዛሬ መሣሪያ እናውሳቸው አንልም፤ የምንለው ቋንቋው ጽንሰ ሐሳቡን ከማሽኑ በፊት ያውቀው እንደነበር ነው።

ስለዚህ «የእንግዳ መረብ»፣ «የውስጥ መረብ»፣ «የመግቢያ ፈቃድ» እና «የእንግዳ ይለፍ» የሚሉትን ለውይይት እናቀርባለን። አዲስ ቃል አልፈጠርንም፤ ያሉትን አቀናጀን እንጂ። የተሻለ ያለው አንባቢ ቢያቀርብ በደስታ እንመረምረዋለን። መመዘኛው ግን አንድ ይሁን፤ ሕጉ ከተሰጠው ፈቃድ ያለፈውን ሰው በእስራት የሚቀጣ ከሆነ፣ በኮምቦልቻ ላፕቶፑን የከፈተ እንግዳ ፈቃዱ እስከ የት እንደሆነ በሚገባው አማርኛ ሊነገረው ይገባል።